ልክ ነው እማማ

እስካሁንም ቁጭ ብዬ ሳስበው ይዞርብኛል። ሰው እንዴት ቤቱ ሲሆን ልክ፣ ፈተና ላይ ሲሆን ስህተት ይሆናል? ያው እኔ ነኝ፣ ያው እጄ ነው፣ ያው ሂሳብ ነው። ወይ ጉድ! አበድኩ እንዴ ብዬ ራሴን የጠየቅኩበት ጊዜ ነበር፤ አልዋሽም።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እኔ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነኝ። የበሽተኛ አንሶላ፣ የሐኪም ጋውን፣ የቀዶ ጥገና ጨርቅ፣ ምን የማይመጣ ነገር አለ! ደም የነካውን ለብቻ፣ ያልነካውን ለብቻ ለይቼ፣ ያንን ክብ መስታወት በር ያለው አሮጌ ማሽን አጉርሼ፣ ሳሙናውን በዓይኔ መጥኜ አፍስሼ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። የሥራ ባልደረቦቼ "እትዬ እንፋሎት" ይሉኛል። በሥራዬ ምክንያት ይመስለኝ ነበር። ልጄ ግን "እማዬ፣ ቶሎ ግንፍል ስለምትዪ ነው እንጂ ማሽኑ ምን አደረገ" ትለኛለች። ይሁና።

አንድ ቀን አለቃችን ሁላችንንም ሰበሰበና አዲስ ማሽኖች ሊገቡ ነው አለን። አዲሶቹ እንደ ድሮዎቹ በግምት አይሠሩም፤ የልብሱን ኪሎ፣ የሳሙናውን መጠን፣ የጀርም መግደያውን ድርሻ አስልቶ የሚሰጣቸው ሰው ይፈልጋሉ። ስለዚህ የአዋቂዎች ተከታታይ ትምህርት ማዕከል የሚሰጠውን የሂሳብ ፈተና ያለፈ ሰው ብቻ ነው የሚነካቸው።

"አሮጌዎቹስ?" አልኩ።

"አሮጌዎቹ ይወጣሉ እትዬ።"

"ፈተናውን ያላለፈስ?"

ጫማውን ማየት ጀመረ። "እሱም እንግዲህ..." ብሎ ዋጠው። እሱ ባይጨርሰውም እኔ በሆዴ ጨረስኩለት።

ቤት መዋል ማለት ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የምኖረው ከልጄና ከባሏ ጋር ነው። ሥራ እስካለኝ ድረስ ከእነሱ እኩል ወጥቼ ከእነሱ እኩል እገባለሁ፣ ከእነሱ እኩል ደክሞኝ ሶፋው ላይ ዘፍ እላለሁ፤ ማንም ምንም አይለኝም። ሥራው ከቀረ ግን ያው ሶፋ ጥግ ላይ ተጎልቼ፣ ከሥራ የሚገባ ሰው ሁሉ "ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?" እያለ ሲጠይቀኝ ታየኝ። በገዛ ልጄ ቤት እንግዳ! በማግስቱ ሄጄ ተመዘገብኩ።

አማቼም አብሮኝ ተመዘገበ። አማቼ ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ ቴክኒክ ኮሌጅ ለመግባት ያው የሂሳብ ፈተና ቀርቶበታል። ጓደኞቹ "ጭምቱ" ይሉታል፣ እኛም ለመድነው። ልጄን ካገባ ጀምሮ ቀና ብሎ አይቶኝ አያውቅም። ስገባ ይነሳል፣ ስናገር ጭንቅላቱን ዝቅ ያደርጋል፣ የመጨረሻውን ወንበር ለእኔ ይተዋል። ጎረቤቶቼ "እንዲህ ያለ አማች ከየት አገኘሽው?" ይሉኛል፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሰማቸው።

ትምህርቱ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ነው። መምህራችን ከልጄ የምታንስ፣ ፈገግታ የማይለያት ወጣት ናት። የመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ እስክትጽፍ እስክሪብቶዬን ይዤ ብጠብቅ ብጠብቅ ምንም የለም። ወንበር ስባ መሀላችን ተቀመጠችና "ምን መማር ትፈልጋላችሁ? ለምን?" አለችን። እርስ በርስ ተያየን። ይቺ ልጅ የምታስተምረው ጠፍቶባት ይሆን እንዴ አልኩ።

"አዋቂ ሰው እንደ ሕፃን እየተነገረው አይማርም" አለች። "እየተነጋገረ ነው የሚማረው። ስለዚህ እኔ አላርማችሁም። ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ እርስ በርሳችሁ ትተራረማላችሁ።"

"ታዲያ አንቺ ምን ልትሠሪ ነው?" አልኳት።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። "እኔማ እንዳትጣሉ እጠብቃችኋለሁ" አለች።

ቤታችንም አብረን እንድናጠና ሰፈራችንን እየጠየቀች አጣመረችን። አንዲት ወሬኛ ልብስ ሰፊ ከአንድ የጥበቃ ሠራተኛ ጋር ተጣመረች። እኔና ጭምቱ ጋ ስትመጣ "እናንተስ ሰፈራችሁ የት ነው?" አለች።

"አንድ ቤት ነን" አልኳት። "አማቼ ነው።"

"ውይ፣ እንዴት ያለ ዕድል ነው!" ብላ አጨበጨበች። ጭምቱን ዞር ብዬ ባየው ፊቱ አመድ መስሏል። የጠዋቱ ቁርስ አልተስማማው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸውላችሁ። አንድ እጅ ጀርም መግደያ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ይቀላቀላል፤ ድብልቁ በጠቅላላው ሃያ ሊትር እንዲሆን ስንት ሊትር ጀርም መግደያ ያስፈልጋል? ደስ አለኝ። የእኔው ሥራ ነው! ሃያን ለዘጠኝ አካፈልኩ። ዘጠኝ ተብሏላ! ሂሳቡ ግን አልቋረጥ አለ፤ ሁለት ነጥብ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት እያለ ማለቂያ አጣ። ታግዬ ታግዬ አንድ ቦታ ላይ በጠስኩትና ወረቀቱን ወደ ጭምቱ ገፋሁት።

ብዙ ጊዜ አየው። ኮሌታውን ነካካ።

"ልክ ነው እማማ" አለኝ።

የራሱን ወረቀት ለማየት አንገቴን ሰገግ ባደርግ በክንዱ ሸፍኖታል። አይ ስስት! አልኩ በሆዴ። ከኋላችን ልብስ ሰፊዋና ጥበቃው ይናቆራሉ።

"ለአሥር ነው የሚካፈለው እኮ ነው የምልህ! አትሰማም?"

"አሥር ከየት አመጣሽ? ዘጠኝ አይደል የሚለው?"

"መድኃኒቱ ራሱስ? አየር ነው?"

አዘንኩላቸው። ዘጠኝ ተብሎ ቁልጭ ብሎ ተጽፎ አሥር ይላሉ። መምህሯ በአጠገባችን ስታልፍ "እናንተ ተስማማችሁ?" አለችን፤ "ኧረ በሚገባ" አልኳት፤ አለፈች።

እንዲህ እንዲህ እያልን ከረምን። ያልተጣላ ጥንድ የእኛ ብቻ ነበር። የሠራሁት ሁሉ ልክ ነው! መቶኛ ልክ፣ ክፍልፋይ ልክ፣ ኪሎው ልክ። እኔማ ይሄ ሁሉ ዕውቀት ውስጤ ተቀብሮ ነው የኖርኩት እያልኩ መገረም ጀመርኩ። ሥራ ቦታም ማጠፊያ ክፍል ያሉትን ሴቶች ሰብስቤ አስተምራቸው ነበር። "ዘጠኝ ካለ ለዘጠኝ ነው፤ ማንም አያታልላችሁ" እላቸዋለሁ። "ልክ ነዎት እትዬ" ይሉኛል አንሶላውን ሳያቋርጡ እያጠፉ።

ከዚያ የሙከራ ፈተናው መጣ። መምህሯ ወረቀታችንን ገልብጣ ነው ያደለችን። የእኔን ገለጥኩት። ቀይ ብቻ! ከላይ እስከ ታች ቀይ። ስሙን አየሁ፣ የእኔ ነው። ጽሕፈቱን አየሁ፣ እሱም የእኔ ነው።

"መምህር፣ ተሳስተሽ ነው" አልኳት ብድግ ብዬ። "እነዚህን እኮ በየሳምንቱ ሠርቻቸዋለሁ። ልክ ነበሩ።"

"ማን ነው ልክ ናቸው ያለዎት?"

"እሱ ነዋ!" ብዬ ወደ ጭምቱ ጠቆምኩ።

ጭምቱ መሬት መሬት ያያል። ወረቀቱን ከፊቱ መነጨቅኩት። ቀይ የሚባል ነገር የለበትም። ያቺን የዘጠኙን ጥያቄ ፈለግኩ፤ ለአሥር አካፍሎ ሁለት ሊትር ብሎ አስቀምጧል፤ ንጹሕ ያለ ሁለት። መምህሯ አንዴ እኔን አንዴ እሱን ታያለች። እሷም ግራ ገብቷታል።

ቤት እስክደርስ ድረስ ውስጤ ይንጫጫል። ይሄን ሰው ምን አደረግኩት? ምን በደልኩት? አብሮኝ እየበላ እየጠጣ፣ ዓይኔ እያየ ገደል የሚከተኝ ለምንድን ነው? ድንገት ብልጭ አለልኝ። ልጄ እርጉዝ ናት። ገባኝ! እኔ ከሥራ ተባርሬ ቤት ቁጭ ብዬ ልጁን እንዳዝልላቸው ነው! ደሜ ፈላ። ወጥ ቤት ገብቼ ለልጄ አፈረጥኩላት።

ልጄ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልትደነግጥ ነው ስል ሳቋን ለቀቀችው።

"እማዬ! ጭምቱ አንቺን 'ተሳስተዋል' ሊል? ምላሱን ቢቆርጡት ይሻለዋል! የመታጠቢያ ቤቱን ወለል አስቢው እስኪ።"

የመታጠቢያ ቤታችን ውሃ ሁልጊዜ ወደ ኮሪደሩ ነው የሚሄደው። ቤቱ ያረጀ ስለሆነ ነው ብዬ በመጥረጊያ ስገፋ ነው የኖርኩት። ለካ ሴራሚኩን ሲያነጥፍ አጠገቡ ቆሜ "ተዳፋቱን ወደ በሩ አድርገው" ብዬው ኖሯል። ሙያው ነው፣ ውሃው የት እንደሚሄድ ጠፍቶት አይደለም። "እሺ እማማ" ብሎ ወደ በሩ አነጠፈው!

አሁን ይሄ ምን ይባላል? መናደድ ነው መሳቅ? እውነትም ሴራ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ነገሩ ይለይልኝ ነበር። ክፋት መስሎኝ አክብሮት ሆኖ ተገኘ፤ አክብሮቱ ደግሞ ከክፋት የባሰ ሥራ ሠርቶብኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም ነገር ማመን አቃተኝ። ያለፈውን "ልክ ነው" ሁሉ አንድ በአንድ እያነሳሁ እገላብጠው ጀመር። ያ ቀሚስ ያምርብዎታል ያለኝስ? ሳሎኑን ሮዝ እንቀባው ስል "ጥሩ ሐሳብ ነው" ያለኝስ? "እንዴት አደርክ?" ስለው "ደህና" ሲለኝ ራሱ እውነት ደህና ነው? ሥራ ቦታ ሄጄ ማጠፊያ ክፍል ያሉትን ሴቶች "እናንተስ? የማስተምራችሁ ነገር ልክ ነው?" ብላቸው "ልክ ነዎት እትዬ" አሉኝ። ጭራሽ ባሰብኝ።

መምህሯን ጥንዴን ቀይሪልኝ አልኳት። "ስማችሁ ከነጥንዳችሁ ለፈታኙ ተልኳል፤ አይሆንም" አለችኝ አንገቷን ደፍታ። ዋናው ፈተና ግማሹ በወረቀት፣ ግማሹ በሰሌዳ ነው። በሰሌዳው አንዱ ይሠራል፣ ጥንዱ ቆሞ ያርማል፤ ስህተቱን ካሳየው ሠሪው እንደገና መሥራት ይፈቀድለታል። እና የእኔ ሥራ፣ የእኔ ከቤት መውጣትና መግባት፣ በጭምቱ አፍ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

አስቀመጥኩት ሳሎን። "ከዛሬ ጀምሮ ስሳሳት ተሳስተዋል በለኝ" አልኩት።

"እሺ እማማ።"

"እንሞክር። ሁለትና ሁለት አምስት ነው።"

ላቡ ችፍ አለ። ጣሪያውን አየ፣ ልጄን አየ፣ በሩን አየ። "ለአምስት... ቅርብ ነው እማማ" አለ። ልጄ ሆዷን ይዛ ትንፈራፈራለች።

"በቃ፣ መናገር ካቃተህ ሳል" አልኩት። ተስማማ። ሂሳብ ስሠራ ሳለ። አጠፋሁና እንደገና ሠራሁ። አሁንም ሳለ። ሦስተኛ ሠራሁ፣ ሳለ። የሴራሚክ መቁረጫው አቧራ ደረቱ ገብቶ ሲያስለው ነው የከረመው ለካ! የቱ ሳል የስህተት፣ የቱ ሳል የአቧራ እንደሆነ ማን ይለይ? የማውቀውንም ሂሳብ ያን ቀን አጠፋሁት። ስንት ጊዜ ለዘጠኝ፣ ስንት ጊዜ ለአሥር አካፈልኩ መሰላችሁ፤ በመጨረሻ ቁጥሮቹ ራሳቸው ዓይኔ ላይ ይጨፍሩ ጀመር።

ፈተናው ደረሰ። ወረቀቱን እንደምንም ተወጣሁት፤ አንዳንዱ ገብቶኝ፣ አንዳንዱን በድፍረት። ከዚያ ለሰሌዳው ተጠራን። ፈታኙ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ያደረገ፣ የማናውቀው ሰውዬ ነው። አንድ እጅ ሳሙና ለአራት እጅ ውሃ፣ ድብልቁ ሠላሳ ሊትር፤ ሳሙናው ስንት ነው? ጠመኔውን ያዝኩ። ለአራት ነው ለአምስት? ልብስ ሰፊዋ አንድ ነገር ስትል ሰምቻለሁ፣ መድኃኒቱ አየር አይደለም ምናምን ብላለች፤ ግን ያ ዘጠኝና አሥር ነበር፤ እዚህ አራት ነው የሚለው። ለአራት አካፍዬ ሰባት ሊትር ተኩል ብዬ ጻፍኩ።

"ጥንድ፣ ምን ትላለህ?" አለ ፈታኙ።

ጭምቱ ቆሟል። ዘወር አልኩና አየሁት። በዓይኔ ለመንኩት። ንገረኝ፣ የፈለግከውን ንገረኝ፣ በሰው ፊት ስደበኝ ከፈለግክ፣ ብቻ ንገረኝ! እያልኩ በዓይኔ ለመንኩት። ችግሩ ግን የእኔ ፊት ሲለምንም ሲቆጣም አንድ ነው። ከንፈሩ ተከፈተ። ተዘጋ። እንደገና ተከፈተ።

"ልክ... ነው" አለ።

ፈታኙ አንድ ነገር ጽፎ "ቀጣይ" አለ። የሞት ያህል ደከመኝ።

ውጤቱን በዚያው ዕለት ነገሩን። ጭምቱ አልፏል። ልብስ ሰፊዋና ጥበቃው እየተነታረኩ አልፈዋል። እኔ ለጥቂት ወድቄያለሁ፤ የሰሌዳው ነጥብ ቢኖር ይበቃኝ ነበር። መምህሯ እጄን ይዛ "በሚቀጥለው ዙር ደግሞ..." አለችኝ። ደግ ልጅ ናት። ግን ማሽኖቹ የሚቀጥለውን ዙር አይጠብቁም። "እግዜር ይስጥልኝ" ብያት ወጣሁ።

ጭምቱ እንደ ልማዱ ከኋላዬ ነው የሚሄደው። አልተቆጣሁትም። ልቆጣው ብፈልግ ቁጣው የለም፤ አልቋል። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ስንደርስ ሰው ተሰልፏል፤ ከጫፍ ቆምን። ያን ጊዜ በመንገድ ላይ ስወስነው የመጣሁትን ነገርኩት።

"ስማኝ ልጄ" አልኩት። "ሥራዬን እንዳስረከብኩ ትንሽ ክፍል ፈልጌ እወጣለሁ። እናንተ ልጅ ሊወለድላችሁ ነው፣ ቤቱም ጠባብ ነው። ሥራ የሌላት አሮጊት ደግሞ ሸክም ናት። ለእናንተም ለእኔም የሚሻለው ይኸው ነው።"

ያንን ቃሉን ጠበቅኩ። ምን ይላል ሌላ? ሁልጊዜ የሚላትን ሊል ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንዳይላት ፈራሁ። እንዲህ የፈራሁት ነገር ትዝ አይለኝም፤ ቦርሳዬን ጭምድድ አድርጌ ይዤ መንገዱን መንገዱን አየሁ።

"ተሳስተዋል!"

ጮኸ ነው የምላችሁ። የተሰለፈው ሰው በሙሉ ዞሮ አየን።

"ማን? እኔ?" አልኩ።

"እርስዎ! አዎ፣ እርስዎ!" ቀና ብሎ ነው የሚያየኝ፤ ዓይኑ ቡናማ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

"የቱ ላይ ነው የተሳሳትኩት?"

"ሁሉም ላይ! ቤቱ አይጠበንም። ሸክም ነዎት ያለዎት ሰው የለም፤ ራስዎ ነዎት ያሉት። እማማ፣ እኔ እናቴን አላውቃትም። እናት ምን እንደሆነች ያየሁት እናንተ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ልክ ነው፣ ልክ ነው የምለው ቁጣዎትን ፈርቼ አይደለም። ከተቀየሙኝ ይሄዱብኛል ብዬ ነው።" ትንፋሽ አጠረውና ቆመ። "አሁን ደግሞ ልክ ነው ስላልኩ ሊሄዱብኝ ነው። እኔ ምን ላድርግ? ይንገሩኝ፣ ምን ላድርግ?"

እኔ ምን አውቃለሁ! ጥያቄውን ወደ እኔ አዞረው እኮ። አንጀቴን በላው፣ አናደደኝ፣ አሳፈረኝ፤ የቱን ከየቱ እንደማስቀድም ጠፋኝ። አውቶቡሱ መጣ፤ ከፊታችን ያሉት እየተገፋፉ ገቡ፤ ሾፌሩ እኛን አይቶ ጠበቀ፣ ከዚያ በሩን ዘግቶ ሄደ። ለካ እንባዬ እየወረደ ኖሯል፤ አንዲት የማላውቃት ሴት ሶፍት ስትሰጠኝ ነው ያወቅኩት።

"በሰው ፊት አትጩህብኝ" አልኩት አፍንጫዬን እየጠረግኩ።

"እሺ እማማ" አለና አንገቱን መልሶ ደፋ።

"አትድፋ! ቀና በል። እስኪ ድገመው።"

ቀና አለ።

"ተሳስተዋል እማማ" አለኝ፣ አሁን ቀስ ብሎ።